የሰው ቀን አልበላም

ኮምቦልቻ ከመጣሁ ዘጠኝ ዓመት አለፈኝ። ሥራዬ ጨርቅ ማየት ነው። ከሽመና ክፍል የወጣው ጨርቅ ከሥሩ መብራት በሚበራበት ጠረጴዛ ላይ እየተሳበ ሲያልፍ ፊት ለፊቱ ቆሜ አየዋለሁ። የተበጠሰ ክር፣ ዘይት የነካው ቦታ፣ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ ካገኘሁ ማሽኑን አቁሜ በጠመኔ ምልክት አደርጋለሁ። አገሬ ከዓባይ ማዶ ነው። ልጅ ሆኜ እናቴ ምስር ስታስለቅመኝ አንዲት ጠጠር ካመለጠችኝ ሰፌዱን ከመጀመሪያው ታስጀምረኝ ነበር። ጥንቃቄው ከዚያ ጊዜ ጀምሮ አብሮኝ አለ። ይህንንም የምጽፈው እየመረመርኩ ነው፤ ምክንያቱም ነገሩ ውስጥ የኔ ውሸት አለበት።

የምኖረው ከፋብሪካው የሃያ ደቂቃ መንገድ ርቆ ባለ ግቢ ውስጥ ነው። የቤቱ ባለቤት በዕድሜ የገፉ ሙስሊም ሴት ናቸው፤ እማማ እላቸዋለሁ። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ አንዲት ልጃቸው አረብ አገር ናት። ከሳቸው ቤት ሌላ ሁለት ክፍሎች አሉ። በአንዱ እኔ አለሁ፤ በሌላው እዚያው ፋብሪካ ሽመና ክፍል የምትሠራ፣ ደጋን ከምትባል ከተማ የመጣች ልጅ ትኖራለች። ረቡዕና ዓርብ እኔ ስጾም እማማ ሥጋ አያሸቱኝም። በረመዳን ደግሞ እኔ ምሳዬን በሬን ገርበብ አድርጌ እበላለሁ። ማንም አላዘዘንም፤ እንዲሁ ሆነ።

ሁለት ዓመት ሙሉ የእማማን ዓይን ሞራ እየሸፈነው መጣ። መጀመሪያ ግራው ሄደ፤ ቀጥሎ ቀኙ። በኋላ የቀራቸው ብርሃንና ጥላ መለየት ብቻ ነበር። እኔን በእርምጃዬ፣ የደጋኗን ልጅ በሳቋ ያውቁናል። ከሁሉ የሚያናድዳቸው ስልኩ ነበር። ልጃቸው ስትደውል ያነሳሉ፤ ራሳቸው መደወል ሲያምራቸው ግን ቁጥሩን ስለማያዩት ከሁለታችን አንዳችን ከሥራ እስክንመለስ ይጠብቃሉ።

"የገዛ ልጄን ለማናገር ሰልፍ እይዛለሁ" ይሉ ነበር።

አንድ ቀን የቀበሌያችን ጤና ሠራተኛ በየቤቱ እየዞረች ወሬ አመጣች። የዓይን ሞራ የሚያነሱ ሐኪሞች ደሴ መጥተው ለአንድ ሳምንት ብቻ በነጻ ያክማሉ። የመጀመሪያው ቀን ምርመራ፣ በማግስቱ ቀዶ ሕክምና፣ በሦስተኛው ቀን ፋሻው ይፈታል። በሽተኛው የሚይዘው ሰው ይዞ መምጣት አለበት። ይህ ሳምንት ካለፈ መቼ እንደሚመለሱ አይታወቅም። የዚያኑ ዕለት አስመዘገብኳቸው፤ ተራቸው ለሚመጣው ረቡዕ ሆነ።

ለሦስቱ ቀን የዓመት ፈቃዴን ልወስድ አሰብኩ። ፈቃድ ነበረኝ። እንዲያውም ብዙ ነበረኝ። እናቴን ካየሁ ሦስት ዓመት ሆኖኝ ነበር። በየዓመቱ መንገዱ ይረጋጋ፣ ክረምቱ ይውጣ፣ እያልኩ ፈቃዴን አስተላልፋለሁ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ በስልክ አገኛታለሁ፤ "መቼ ነው?" ትለኛለች፤ "አጠራቅሜ ረዘም አድርጌ ነው የምመጣው" እላታለሁ። እማማ ይህን ሁሉ ያውቃሉ፤ የግቢው ግድግዳ ቀጭን ነው። ያም ሆኖ መጀመሪያ ስለ ደሴ ስነግራቸው "አላህ ይስጥሽ ልጄ" ብለው እሺ አሉ።

ነገሩን ያበላሸው ፊልሙ ነው።

ቅዳሜ ማታ እማማ መግሪብ ሰግደው እንደጨረሱ የደጋኗ ልጅ ፍላሽ ይዛ ገባች። ሽመና ክፍል አንዱ የሰጣት የፈረንጅ ፊልም ነው። ቴሌቪዥኑን ልጃቸው ናት የገዛችላቸው፤ እማማ ግን ያዳምጡታል እንጂ አያዩትም። ዲፕሎማዬን ስማር እንግሊዝኛ ብዙ ስላነበብኩ ፊልም በተከፈተ ቁጥር አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ።

"የምን ፊልም ነው?" አሉ እማማ መቁጠሪያቸውን እያስቀመጡ።

"ስለ ሀብታምና ድሃ ነው አሉ።"

"እሱን ለማወቅ ፊልም ያስፈልጋል?"

ወደፊት በሚመጣ ዘመን ያለ ከተማ ነው። ገንዘብ የሚባል ነገር ቀርቷል፤ ሰው የሚከፋፈለው ቀኑን ራሱን ነው። ሜዳው ላይ ለሚኖሩት ድሆች በቀን የተመደበላቸው ዘጠኝ ሰዓት ብቻ ነው። ጠዋት አሥራ ሁለት ላይ ይነቃሉ፤ ልክ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሳይረን ይጮኻል፤ በያሉበት ደርቀው ይቆማሉ፤ እስከ ማግስቱ ጠዋት አይንቀሳቀሱም። የተወሰደባቸው ሰዓት ፋብሪካ ገብቶ እንደ ውሃ በጠርሙስ ይታሸጋል። ኮረብታው ላይ ያሉት ሀብታሞች ይጠጡታል፤ ስለዚህ አይተኙም፣ አያረጁም። ጠርሙሱን መደርደሪያ ላይ ደርድረው እንግዳ ሲመጣ ያሳያሉ።

"እንዴት ነው የሚቆሙት?" አሉ እማማ።

"እንደ ሐውልት። አንዷ ከቧንቧ ውሃ እየቀዳች ነበር፤ እንደጎነበሰች ቀረች።"

"ውሃውስ?"

"ይፈሳል።"

"ሱብሃን አላህ። ቧንቧ የሚዘጋ እንኳ የለም?"

"ሁሉም ቆሟል እኮ፣ እማማ" አለች የደጋኗ ልጅ።

እማማ በጣታቸው ይቆጥሩ ጀመር። "ከጠዋት አሥራ ሁለት እስከ ዘጠኝ። ሱብሂ አመለጣቸው። ዙሁርን ሰገዱ። ዐስር ሰላት ሳይደርስ ቆሙ። መግሪብ የለ፣ ኢሻ የለ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዙሁር ብቻ። የነዚህ ሰዎች ቀዷ መቼ ያልቃል?"

ቀዷ ማለት ያመለጠን ሰላት ወይም ጾም በኋላ ቀን መተካት ነው። ረመዳን ላይ የታመመ ሰው ሲድን ያልጾመውን ቀን ቆጥሮ ይጾማል። እማማ በዚህ ነገር ጽኑ ናቸው፤ ከዓመታት በፊት ወባ ይዟቸው የቀረችባቸውን አራት ቀን ከነወሯ ይናገራሉ።

ፊልሙ መሐል ላይ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ተቃቀፉ። ሳልተረጉም ቀረሁ።

"ዝም አልሽሳ?"

"እየተሰናበቱ ነው።"

ትንሽ ቆዩና "ረጅም ስንብት ነው" አሉ። የደጋኗ ልጅ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ዋናው ታሪክ የአንዲት የፋብሪካ ሠራተኛና የእናቷ ነው። ልጅቱ ጠርሙስ የምታሽግ ናት። እናቷ አርጅተዋል፤ እንደ ሜዳው ሰው ሁሉ ጀምበር ስትጠልቅ አይተው አያውቁም። አንድ ጊዜ ብቻ ማየት ይመኛሉ። ልጅቱ የራሷን ዘጠኝ ሰዓት ለእናቷ ለመስጠት ትወስናለች። በዚያን ቀን እሷ ጠዋት አትነቃም፤ እናትየው ግን ሳይረኑ ሲጮኽ አይቆሙም፤ እስከ ማታ ይሄዳሉ። ሳይረኑ ጮኾ ከተማው ሁሉ ሲደርቅ አሮጊቷ ብቻቸውን መንገዱ መሐል ሲራመዱ ታየ። እዚያ ላይ አቆምነው፤ በማግስቱ ቅዳሴ ነበረብኝ።

"ሴትየዋ ተቀበለች?" አሉ እማማ።

"ተቀበለች።"

"የልጇን ቀን?"

"ጀምበር ስትጠልቅ አይታ አታውቅማ፣ እማማ።"

መቁጠሪያቸውን አንስተው ወደ ጓዳ ገቡ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። "ተቀመጪ" አሉኝ። ነጠላዬን ሳላወልቅ ተቀመጥኩ።

"የደሴውን ነገር ተዪው።"

"ምነው እማማ? ተመዝግበዋል እኮ።"

"የምትወስጂው ፈቃድ የማን ነው?"

"የኔ ነዋ።"

"ያንቺ አይደለም፤ የእናትሽ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ለሷ ነው ያጠራቀምሽው። እኔ እንደዚያች ሴትዮ የሰው ቀን አልበላም።"

"እማማ፣ ፊልም እኮ ነው።"

"የጠፋው ዓይኔ ነው፤ ጆሮዬ መች ጠፋ።"

ለመንኳቸው። ሦስት ቀን ከብዙ ቀን ምንም እንደማያጎድል ነገርኳቸው። "አላህ ቢፈልግ ሌላ ጊዜ ይመጣሉ" አሉና ፊታቸውን ወደ ፀሐዩ መለሱ። ፀሐዩን ማየት ሳይሆን ሙቀቱን ነው የሚፈልጉት። ጥፋቱ የኔ ነበር። ፊልሙን በዚያ ጥንቃቄዬ ቃል በቃል ባልተረጉም ኖሮ እማማ እሺ እንዳሉ ይቀሩ ነበር።

ሰኞ በምሳ ሰዓት እኔና የደጋኗ ልጅ የፊልሙን መጨረሻ በስልኳ አየነው። ምናልባት ደስ የሚል ነገር ቢኖረው ብዬ ነው። የለውም። አሮጊቷ ጣራ ላይ ወጥተው ጀምበር ስትጠልቅ አዩ። እየሮጡ ወደ ቤት ተመለሱ። ጠዋት ከተማው ሁሉ ነቃ፤ ልጅቱ ግን እንደቆመች ቀረች፤ ቀኑን የሰጠ ሰው ሰዓቱ ተመልሶ እንደማይጀምርለት አልነገሯትም ነበር። እናትየው አጠገቧ ቆሙ። በዚሁ አለቀ።

የደጋኗ ልጅ ስልኳን አጠፋች። "እትዬ፣ ይሄን ለእማማ ከነገርሻቸው ደሴ በእግሯ ወርዳ ብትለምናቸው አይሄዱም።"

"አልነግራቸውም።"

"ይጠይቁሻላ።"

እውነትም ጠየቁ። ሰኞ ማታ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ "ያቺ ልጅ ምን ሆነች?" አሉኝ። ቴሌቪዥኑን ከፈትንላቸው። የጾም ሰሞን ነበር፤ በጾም መዋሸት ድርብ ኃጢአት መሆኑን እያወቅሁ ነው የዋሸሁት። ቴሌቪዥኑ ላይ አሮጊቷ ልጃቸው አጠገብ ቆመው ነበር፤ እኔ ደግሞ ሌላ ታሪክ እተርካለሁ።

"ጎረቤቶቿ መጡ" አልኩ። "አንዷ ሩብ ሰዓት ሰጠቻት። ጠርሙስ ቤት አብራት የምትሠራው ግማሽ ሰዓት ሰጠቻት። አንድ ሽማግሌ አምስት ደቂቃ ሰጧት። ዘጠኝ ሰዓት ሞላ። ልጅቱ ነቃች።"

"ሁሉም ትንሽ ትንሽ?"

"ሁሉም ትንሽ ትንሽ። ማንም አልጎደለበትም። በሌላ ቀን እሷም ትመልስላቸዋለች።"

እማማ ወደ ድምፁ ጎንበስ አሉ። "ወንፈል ገቡላት በይኛ።"

ቃሉን የተናገሩት እሳቸው ናቸው። የደነገጥኩት ስለዚህ ነው፤ እኔ ያን ታሪክ ስፈጥር ከየት እንዳመጣሁት ያወቅሁት ገና ያን ጊዜ ነው። በኛም አገር፣ በወሎም፣ አረም ሲደርስ ሰው ወንፈል ይገባል፤ ዛሬ ሁላችን ያንቺን እናርማለን፣ ነገ የኔን፣ ከነገ ወዲያ የሷን። የጎበዙም ቀን፣ የባልቴቷም ቀን ቀን ነው፤ አይበላለጥም። ቀን በቀን ይመለሳል፤ የሚያዝን የለም።

"አዎ፣ ወንፈል" አልኩ።

"ፈረንጅም ወንፈል ያውቃል?"

"ያውቃል።"

የደጋኗ ልጅ ሳል ያዛት፤ ውሃ ልትጠጣ ወጣች።

እማማ ወደ እኔ ዞሩ። ቀጥሎ እንዲህ አሉኝ፤ "እንግዲያ የእናትሽን ፈቃድ አትንኪ። በወንፈል ከሆነ እሄዳለሁ። ግን ወንፈል ይመለሳል፤ እኔም እመልሳለሁ። ብድሬን አንቺ አትከፍይልኝም።"

ማክሰኞ ጠዋት አንድ ቀን ብቻ ቀርቶኛል። በኛ ፋብሪካ ፈረቃ መቀያየር ይቻላል፤ ተቀያያሪዎቹ ተስማምተው ተቆጣጣሪው ይፈርማል። ችግሩ የኔ ሥራ ጨርቅ ማየት ስለሆነ የሚተካኝ ዓይኑ የለመደ ሰው መሆን አለበት። ከኛ ክፍል ሁለት ሴቶች አሉ። አንደኛዋ ገና ሳልጨርስ "ረቡዕን እኔ እቆምልሻለሁ፤ አንቺ የእህቴን ሠርግ ቀን ትቆሚልኛለሽ" አለች። ሁለተኛዋ የስድስት ወር ልጅ አላት፤ ልጅ የምትይዝላት ሴት ትታት ሄዳ እናቷ ዘንድ እያመላለሰች ነበር። እሷም ሐሙስን ተቀበለች። ዓርብ ቀረ። ዓርብን ማታ ፈረቃ ላይ ያለች፣ ብዙም የማንግባባ ሴት ያዘችልኝ፤ "ለአሮጊት ዓይን ከሆነ ምን ይጠየቃል" ብላ።

ተቆጣጣሪያችን ሦስቱን ወረቀት ደርድሮ አየ። "ሠርግ ነው?"

"ዓይን ነው።"

"የማን?"

"የባለቤቴ፤ ማለቴ የቤቴ ባለቤት።"

ሳቀና ፈረመ።

ደሴ ስንወጣ ብርዱ ጠበቀን። እማማ የኮምቦልቻ ሰው ናቸው፤ ጋቢያቸው ላይ የኔን ደረቡ። ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበሮቹ በአረጋውያን ተሞልተዋል፤ ሁሉም አንገታቸውን ቀና አድርገው የሚያዳምጡ ይመስላሉ። አጠገባችን ከገራዶ የመጡ ሽማግሌ ነበሩ። ዓይናቸው ሲበራ መጀመሪያ ማየት የሚፈልጉት ምን እንደሆነ እማማ ጠየቋቸው።

"መጀመሪያ የማያት እዚች አጠገቤ ያለችውን ሚስቴን ነው" አሉ። "ስለዚህ ሐኪሙን ቀስ አድርገህ አብራልኝ ብየዋለሁ፤ በአንዴ አይሁንብኝ።"

ሚስትየው በክርናቸው ጎሸም አደረጓቸው። "እኔን ነው ቀስ ብለህ የምታየኝ? አንተ ራስህን ያየህ ጊዜ ነው ጉድህ።"

ሁለቱን ማታ የእማማ የእህታቸው ልጅ ቤት አደርን። ሐሙስ ቀኝ ዓይናቸው ተሠራ። ዓርብ ጠዋት ነርሷ ፋሻውን ፈታች። እኔ ፊት ለፊት ቆሜ ነበር። እማማ ብዙ ጊዜ ዓይናቸውን አርገበገቡ። ነርሷን አዩ፣ መስኮቱን አዩ፣ መጨረሻ ላይ እኔ ላይ አረፉ።

"ይህቺ ማናት?"

"እኔ ነኝ፣ እማማ።"

"አንቺ ነሽ?" ከራስ እስከ እግር አዩኝ። ባለፉት ዓመታት ፊቴን ረስተውት ነበር። "ከስተሻል። ድምፅሽ ወፍራም ሴት ነበር የሚመስለው።"

ነርሷ ጀርባዋን አዞረች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እኔ ማልቀስም መሳቅም አምሮኝ አንዱንም በደንብ ሳላደርገው ቀረሁ። እማማ "አልሐምዱሊላህ" አሉ ቀስ ብለው፣ ደጋግመው፣ እጃቸውን ወደ ፊታቸው አቅርበው መስመሩን እያዩ።

ጠብታ መድኃኒቱ እስኪሰጠን፣ ወረቀቱ እስኪጻፍ ቀኑ ሄደ። ወደ ኮምቦልቻ ሚኒባስ የያዝነው ወደ ማታው ነው። በመስኮት በኩል አስቀመጥኳቸው። የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ እየዞርን ስንወርድ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ነበር፤ ከታች የኮምቦልቻ ሜዳ፣ የፋብሪካው ጣራዎች፣ የመስጊዱ ሚናራ፣ ሁሉም ቢጫ ሆኗል። ጥቁር መነጽር አድርገዋል፤ ግን በጎኑ ሾልከው እንደሚያዩ አውቃለሁ።

"ስንት ሰዓት ነው?" አሉኝ።

"አሥራ አንድ ተኩል።"

"ዘጠኝ አለፈ?"

"አለፈ፣ እማማ።"

"አልቆምንም" አሉ፣ ወደ መስኮቱ ተመልሰው።

ወንፈሉ ተመለሰ። እኔ የሠርጉን ቀን ቆምኩ፤ የሐሙሱንም የዓርቡንም ከፈልኩ። እማማ ደግሞ የራሳቸው ዕዳ እንዳለባቸው አልረሱም። ዓይናቸው ሲጠና ሐሙስን የቆመችልኝን የሕፃን እናት አስጠርተው፣ ሌላ ሞግዚት እስክታገኝ ልጇን ሦስት ቀን በጀርባቸው አዝለው ያዙላት። ለምን ሦስት እንደሆነ ስጠይቃቸው "ሄጄ የቆየሁት ሦስት ቀን አይደለም?" አሉኝ።

እኔ በበኩሌ ውሸቴን ለንስሐ አባቴ ተናዘዝኩ። ዓላማውን ሰምተው ፈገግ ቢሉም ስግደቱን አላስቀሩልኝም። ሰግጄ ጨረስኩ፤ ነገሩ ያለቀ መሰለኝ።

አንድ ቅዳሜ ግን እማማ "ያን ፊልም አምጡልኝ፤ በዓይኔ ልየው" አሉ።

የደጋኗ ልጅ ጠፍቷል ልትል አፏን ከፈተች፤ እኔ በዓይኔ ከለከልኳት። አንድ ውሸት በቂ ነው። ከፈትነው። እማማ ትራሳቸውን ተደግፈው፣ አዲሱን ዓይናቸውን አጥብበው ያያሉ። ውሃ ቀጂዋ እንደጎነበሰች ስትቀር "ውይ፣ እውነትም ይፈሳል" አሉ። ያ ወንድና ያቺ ሴት ሲተቃቀፉ ደግሞ ወደ እኔ ዞረው "ስንብት ያልሽኝ ይሄን ነው?" አሉ። አንገቴን ደፋሁ።

መጨረሻው ደረሰ። ጀምበሯ ጠለቀች፤ አሮጊቷ ሮጡ፤ ከተማው ነቃ፤ ልጅቱ ቆማ ቀረች። የፊልሙ ሙዚቃ መጥቶ ጽሑፉ መውረድ ጀመረ። እማማ ጥቂት ጠበቁ።

"ጎረቤቶቹስ?"

"የሉም፣ እማማ።"

"ሽማግሌውስ? አምስት ደቂቃ የሰጠው?"

"እኔ ነኝ የጨመርኩት። ደሴ እንዲሄዱልኝ ብዬ። ይቅር ይበሉኝ።"

ቴሌቪዥኑን ትተው እኔን ያዩ ጀመር። በዚያ ዓይን መታየት ከባድ ነው።

"እኔኮ ከተማ ሙሉ ሰው ስላለ ከመካከላቸው አንድ ይገኛል ብዬ ነበር" አሉ በመጨረሻ። "እነዚህ ሰዎች ወንፈል አያውቁም። ሲያሳዝኑ።" ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። "ወላሂ፣ ግን አንቺ ዋሽተሽኛል። በጾምሽ።"

"ዋሽቻለሁ። ንስሐ አባቴ ስግደት ሰጥተውኝ ፈጽሜያለሁ።"

"እሱ ለፈጣሪሽ ነው። የኔ ቀርቷል። ቀዷ አለብሽ።"

"ያዘዙኝን።"

"ስንት ቀን ነው ያጠራቀምሽው ፈቃድ?"

ነገርኳቸው። ከሁለት ዓመት ያለፈው እንደማይተላለፍ፣ ስለዚህ የመጀመሪያው ዓመት እንደተቃጠለብኝም አብሬ ነገርኳቸው፤ መቼም ከተናገሩ አይቀር።

"ተቃጠለ ማለት?"

"ጠፋ ማለት ነው።"

"ማን ጠጣው?"

የደጋኗ ልጅ የሳቋ ነገር ጠፍቶባት ወደ ምንጣፉ ታያለች።

"እዚያ ኮረብታ ላይ ጠርሙስ ደርድረው የሚያዩትን ሳይ ማንን እንደሚመስሉ ሳስብ ነበር" አሉ እማማ። "አንቺን ነው የሚመስሉት። እነሱስ ይጠጡታል፤ አንቺ ደርድረሽ ታቃጥያለሽ። ለእናትሽ ነው ትያለሽ፤ እናትሽ ግን ጠብታ አልቀመሰችም። ቀዷሽ ይኸው ነው፤ በዚህ ወር ሄደሽ እናትሽን ታያለሽ። ወንፈል የለም፣ መቀያየር የለም፤ ከራስሽ ቀን ታወጪያለሽ።"

"መንገዱ..."

"መንገዱን ሰው እየሄደበት ነው። አብሽሪ።"

ሰኞ ፈቃድ ሞላሁ። ተቆጣጣሪያችን ወረቀቱን አይቶ "አሁንስ ሠርግ ነው?" አለ። "ቀዷ ነው" አልኩት። ከሐይቅ በኩል የመጣ ሙስሊም ስለሆነ ቃሉን ያውቀዋል፤ ከአፌ መስማቱ ግን አስገርሞት ብዕሩን ይዞ ትንሽ አየኝ፤ ፈረመ።

በአዲስ አበባ ዞሬ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። እናቴ አጥር ሥር ቆማ አገኘኋት። አቅፋ ከለቀቀችኝ በኋላ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስንት ቀን እንደምቆይ ነው። ነገርኳት። ደግማ አስቆጠረችኝ፤ እንደ ምስሩ። ልክ መሆኑን ስታረጋግጥ ቀኑን ከዚያ ወዲያ አላነሳችውም።

በሦስተኛው ቀን ወደ ማታ እኔና እሷ ደጅ ጉማሬ ድንጋይ ከምንላት ትልቅ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ጎመን እየቀነጠብን ሳለ ስልኬ ጮኸ። የእማማ ቁጥር ነው። የደጋኗ ልጅ የደወለችላቸው መስሎኝ አነሳሁት።

"በገዛ እጄ ነው የደወልኩት" አሉ፣ ሰላምታ ሳያስቀድሙ። "ቁጥሩን አንድ በአንድ እያየሁ።"

"ማሻ አላህ በሉ፣ እማማ።"

"ማሻ አላህ። ደረስሽ?"

"ደረስኩ።"

"እናትሽ አሉ?"

"አጠገቤ ናቸው። ላገናኝዎት?"

"ሌላ ቀን። ምን እያደረጋችሁ ነው?"

"ጎመን እየቀነጠብን። ጀምበር እየጠለቀች ነው።"

በስልኩ ውስጥ ከሩቅ የኮምቦልቻ አዛን ተሰማኝ፤ መግሪብ ደርሷል ማለት ነው።

"በይ ዝጊው" አሉኝ። "የእናትሽን ቀን እየበላሁ ነው።"